የአውሬሊያ ሊብሬ

ቱሪን የመኪና ወዳጅ ሁሉ ሊሳለማት የሚገባ ከተማ ናት። ፊያት በ1899፣ ላንቻ በ1906 የተመሠረቱት እዚህ ነው (የጣሊያኑን ዘመን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጣሪያው ላይ የመኪና መፈተኛ መንገድ የተሠራለት የሊንጎቶ ፋብሪካ በ1982 ሥራ ቢያቆምም ሕንፃው አልፈረሰም፤ ዛሬ የገበያና የስብሰባ ቦታ ሆኖ ያገለግላል። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ቀን ከሌት በደጃችን ሲያልፍ እያየሁ ስለምኖር፣ ቱሪን ስሄድ ሰዉና ቋንቋው ባዕድ ቢሆንብኝም መኪናው ባዕድ አልሆነብኝም።

ላንቻን የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ከመሿለኪያ ወደ ጎተራ ሲወርድ በሚያገኘው ሰፈር ስም ነው። ፋብሪካው የነበረው ግን ቦርጎ ሳን ፓኦሎ በሚባል የቱሪን ሰፈር ነው። የኩባንያው የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት ፎቅ አሁንም መንገዱን ከላይ ተሻግሮ ቆሟል። ያሳረፉኝ የአገሬ ሰው ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የገፉ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቃሊቲ ውስጥ የፊያት ኤን ትሬ ካምቢዮ ሲያወርዱና ሲሰቅሉ ነው ሙያውን የተማሩት። «ና ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብለው ከዚያ ፎቅ ብዙም ወደማይርቅ ጋራዥ ወሰዱኝ። የብረት በሩ ሲከፈት ግራጫ ላንቻ አውሬሊያ ቢ20 ጂቲ ቆማለች።

ጣሪያዋ ከፊት መስታወቱ ተነሥቶ እስከ ኋላ ፓራውልት ድረስ በአንድ መስመር ይወርዳል፤ ላሜራው ላይ ትርፍ ጌጥ የለም። መሪዋ በቀኝ ነው። ጣሊያን በቀኝ የሚነዳ አገር ቢሆንም፣ ላንቻ በተራራ መንገድ የገደሉን ጠርዝ ለማየት ይመቻል በሚል መሪውን በቀኝ የማድረግ ልማድ ነበረው። ጋሼ ኮፈኑን አነሡና ዝቅ ብለው አሳዩኝ። ሦስት ሦስት ሆነው በ60 ዲግሪ የተጋደሙ ስድስት ሲሊንደሮች አሉ፤ በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ቪ6 ሞተር ይህ ነው። የቀየሰው መሐንዲስ ፍራንቼስኮ ዴ ቪርጂሊዮ ሲሆን፣ የበላይ ኃላፊው እውቁ ቪቶሪዮ ያኖ ነበር። «ካምቢዮው የታለ?» አልኳቸው። ወደ መኪናዋ ጀርባ ዞረው ተንበረከኩና በእጃቸው አመለከቱኝ። ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም ከሞተሩ ተነጥለው ከኋላ ዲፈረንሻሉ ጋር ታስረዋል። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ ስለሚመጣጠን መኪናዋ ኩርባ ላይ አትደነግጥም።

ብዙዎች የግራን ቱሪዝሞ መኪኖች መጀመሪያ የሚሏት ይህችን ነው። በ1951 በቱሪን የመኪና ትርኢት ስትቀርብ ሞተሯ 1,991 ሲሲ፣ ጉልበቷ 75 ፈረስ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ በዚያው ዓመት ጆቫኒ ብራኮ በሚሌ ሚሊያ ውድድር ሞተሩ የእሷን እጥፍ ከሚሆን ፌራሪ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣባት፤ በ1954 ደግሞ ሉዊ ሺሮን የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈባት። ፍቅሯ ግን ከዋንጫው አይመነጭም። ሁለት ሰው ሻንጣውን ጭኖ ማለዳ ይነሣል፤ ቀኑን ሙሉ በፍጥነት ነድቶ ማታ ወገቡን ሳያመው ይደርሳል። የተሠራችው ለዚህ ነው። ስሟንም የወሰደችው ከሮም ተነሥቶ በባሕር ዳርቻ ወደ ሰሜን ከሚወጣው ጥንታዊ መንገድ ነው። እንዲህ ላለው ጉዞ ደግሞ ጣሊያን ከሚላኖ በስተ ሰሜን ወዳሉት ሐይቆች የሚወስደውን የመኪና ብቻ መንገድ የከፈተው በ1924 ነው። እኛ እንዲህ ያለ መንገድ ያገኘነው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ እሱም የሚነሣው ከሰፈሬ ነው።

የዚያን ቀን በጣም የነካኝ ግን ከመኪናዋ ጎን ጠረጴዛ ላይ የነበረው ወፍራም ፋይል ነው። ጣሊያን ከ1927 ጀምሮ የተሽከርካሪ ባለቤትነትን የሚመዘግብ ሕዝባዊ መዝገብ አለው፤ ማን ከማን፣ መቼ፣ በየትኛው አውራጃ እንደገዛ ከዚያ ይወጣል። የዚህችን መኪና ዝውውር ጋሼ አንድ በአንድ አነበቡልኝ። የመጀመሪያው ገዢ የቱሪን ሐኪም ነበር። ሁለተኛው የጄኖቫ ነጋዴ ነው፤ በመሪው ዘንግ ላይ የነበረውን የማርሽ ዘንግ አንሥቶ ናርዲ የሚባል ኩባንያ የሠራውን የወለል ማርሽ አስገጠመባት። ከእሱ የወረሰቻት ሚስቱ ለዓመታት የእህል ጎተራ ውስጥ አቆመቻት። የአሁኑ ባለቤት ማርሹን ወደ ጥንቱ ቦታ መልሶታል፤ ያወጣውን የናርዲ ዘንግ ግን አልጣለውም። በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አኑሮታል፤ ክዳኑ ላይ የገጠመው ሰው ስምና ዓመቱ ተጽፏል። ጥቁሯ የድሮ ታርጋም ሳትነቀል እንዳለች ናት። ሰብሳቢዎች ለእንዲህ ያለች መኪና የሚከፍሉት ዋጋ ግማሹ ለብረቱ፣ ግማሹ ለዚህ ወረቀት ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኛ አገር ብትሆን ምን ትሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ትሠራ ነበር። የሚጠፋው ወረቀቷ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የቱሪን መኪኖች እኛ ዘንድ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። ፊያት ሰይቼንቶ ታክሲ ሆና አዲስ አበባን አመላልሳለች። ኤን ትሬ የአሰብን መስመር ይዞ የአገር እህልና ሸቀጥ ተሸክሟል። ሰማያዊና ነጭ ላዳችን ራሷ፣ ሶቪየቶች በ1966 ከፊያት ጋር ተስማምተው በፊያት 124 መሠረት የሠሯት መኪና ናት። መለዋወጫ ሲጠፋ የኛ መካኒክ ቡሽ አስቀርጾ፣ ባሌስትራ አስበይዶ መንገድ ላይ አቆይቷቸዋል። ይህ ቱሪን ሙዚየም ውስጥ ከሚቀመጥ ሙያ አያንስም። ነገር ግን ማን እንደሠራው የተጻፈበት ሳጥን የለንም።

ታሪኩ ሲጻፍ ክፉው ገጽም አይቀደድም። በ1928 ዓ.ም. የወረረንን ጦር ወታደርና ጥይት ያመላለሱት የዚህችው ከተማ የፊያትና የላንቻ ካሚዮኖች ናቸው። የአውሬሊያን ውበት አድንቄ ስወጣ ይህን አልረሳሁም። ብረቱ ያው ነው፤ ጥፋቱም ምስጋናውም የሚመዘገበው በያዘው ሰው ስም ነው። የባለቤትነት ታሪክ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬን አንድ ነገር እለምናለሁ። ቤታችሁ ውስጥ የአሮጌ ሰይቼንቶ፣ የኤን ትሬ ወይም የላዳ ሊብሬ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ አጠገቧ ቆመው የተነሡት ፎቶ ካለ አትጣሉት። ማን ከማን ገዛት፣ በየትኛው መስመር ሠራች፣ ሞተሯን ያወረደው ማን ነበር ብላችሁ አባቶቻችሁን ጠይቁና በደብተር ጻፉ። የዚያ ዘመን ሾፌሮችና መካኒኮች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።