ለልጅ የማይወረስ ማዕረግ

ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲሻር ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪና ቀኛዝማች መባባሉም አብሮ ቀረ። ሰው ግን ያለ ማዕረግ መኖር አልሆነለትም። ዛሬ ቦንጋ ውስጥ አንድ ስብሰባ ብትገቡ መድረክ መሪው ንግግሩን የሚከፍተው «ክቡር» በመደርደር ነው፤ ክቡር አስተዳዳሪ፣ ክቡር ኃላፊ፣ ክቡራን የምክር ቤት አባላት። ቀጥሎ ዶክተሩና ኢንጂነሩ ይጠራሉ። ቀፎውን በገመድ እየጎተተ ቀረሮ ዛፍ ላይ ሲሰቅል የኖረው፣ የካፋን ነጭ ማር ለገበያ ያበቃው አዛውንት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። የሚጠራበት ነገር የለውም። ሹሙም ቢሆን ከሥልጣን የወረደ ዕለት ክቡርነቱን ለተተኪው አስረክቦ ነው የሚወጣው። የተከበረው ወንበሩ ነበር።

እኔ የምመኘው ሌላ ዓይነት ማዕረግ ነው። ሰው በሥራው የሚያገኘው፣ ሕዝብ ፊት የሚሰጠው፣ ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር።

በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱ በሕግ መሠረት ኒሻንና ሽልማት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ከመንግሥት ውጭም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ «የበጎ ሰው ሽልማት» ብዙ ደጋጎችን አስተዋውቆናል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ ካፋ ያለውን የማንኪራ ጫካ ጠባቂ ማየት ይከብዳል። አጠገቡ የሚኖር ሰው ነው የሚያውቀው።

ካፋ ውስጥ ማዕረግ ሲነሣ ሁሉም ደስ እንደማይለው አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አለው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘምተው የመጨረሻው ታቶ (የካፋ ንጉሥ) ጋኪ ሻሮቾ ከተማረኩና በግዞት ከሞቱ በኋላ፣ እዚህ አገር ባለማዕረግ ማለት ባለጉልት ማለት ሆነ። ገባሩ ማሩንም ቡናውንም ጉልበቱንም የሚያቀርበው ለእሱ ነበር። ማዕረጉ መሬት ባይይዝ፣ ሰው ባያስገብር ኖሮ አያቶቻችን ይህን ያህል ባልተማረሩበት። ስለዚህ የምመኘው ማዕረግ መሬት የለውም፣ አበል የለውም፣ ከሕግም አያስመልጥም። ስም ብቻ ነው።

ይህን ስል የድሮው ሥርዓት ሁሉ በደም ይሄድ ነበር ማለቴ አይደለም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጦር ሜዳ የተማረኩ ልጅ ነበሩ፤ የአገሪቱ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ ከምርኮ ተነሥተው ነው እዚያ የደረሱት። የደጃዝማች ልጅ ስለተወለደ ብቻ ደጃዝማች አይባልም ነበር። ወደ ልጅ የሚያልፈው ርስቱ፣ ጋብቻውና ወደ ቤተ መንግሥት የሚያስገባው ዝምድና ነበር። ያንን ብንቆርጠው በሥራ የሚገኝ ማዕረግ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

የራሳችን የካፋ ታሪክም ሁለት ነገር ያስተምረኛል። ታቶው ብቻውን አይወስንም ነበር፤ የሚክሬቾ ሸንጎ አብሮት ይመክራል፣ ይገድበዋልም። በዚህ እኮራለሁ። ግን ዘውዱ የሚንጆ ጎሳ ነበር። ከሁሉ በታች ደግሞ ማንጆ የሚባሉት ነበሩ። ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ የመንግሥቱን በሮች ሲጠብቁ የኖሩት እነሱ ሆነው ሳለ የዱር እንስሳ ይበላሉ ተብለው ማዕድ የሚጋራቸው፣ የሚጋባቸው አልነበረም። ነገሩ ዛሬም ከነጭራሹ አልጠፋም። በየቤታችን እናውቀዋለን፤ ለቅሶ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ በማን ዕቃ እንደሚጠጣ እናያለን፣ እያየንም ዝም እንላለን። እኔ ይህን ማዕረግ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አንዲት የማንጆ ሴት በሥራዋ ተመርጣ አደባባይ ስትቆም ከተማው ተነሥቶ ይቀበላታል ወይ? ካልተቀበላት ያመጣነው የድሮውን የዘር ሐረግ በሌላ ስም ነው።

እንዴት ይሰጥ? መስከረም ላይ የካፋን ዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሬ ባሮን ስናከብር ሕዝቡ ቦንጋ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። ቀበሌዎች ይጠቁሙ፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው አይጠቆም፤ በዓመት ከጥቂት ሰው አይብለጥ። ሰውየው ምን እንደሠራ በካፊኖኖና በአማርኛ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ጎረቤቱም «ሐሰት ነው» ካለ ይደመጥ። ለሞተ ሰው አይሁን፤ በሕይወት ሳለ ይስማው። ያጠፋ ደግሞ ይነጠቅ። ፈረንሳይ በ1802 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን ያቋቋመውን የክብር ሌጌዎን እስከ ዛሬ ትሰጣለች፣ የማይገባው ሆኖ ሲገኝም ትነጥቃለች። እንግሊዝ እንኳ ዘውዷን ይዛ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከባለቤቱ ዕድሜ የማያልፍ የሎርድነት ማዕረግ በስፋት መስጠት ጀምራለች። ስሙን ምን እንበለው ለሚለው የካፊኖኖ አዋቂዎች አሉ፤ እነሱ ይምከሩበት።

የካፋን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ቡናውን ከነጥላ ዛፉ ያቆዩት፣ መጥረቢያ የያዘውን ወጣት ቁጭ አድርገው የመከሩት ሰዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም። መንገድ ባልነበረበት ዘመን በሌሊት ተጠርተው ያዋለዱ እናቶችም አሉ። ደም ያስታረቁ ሽማግሌዎችም አሉ። ብዙዎቹ አርጅተዋል።

ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከክልላችን መቀመጫዎች አንዷ ናት፤ ጉዳዩን ወደ ክልሉ መንግሥት ማድረስ ሩቅ አይደለም። የምክር ቤት አባላት ይህን የምታነቡ ካላችሁ አጀንዳ አድርጉት። እናንተም፣ ከየቀበሌያችሁ የምትጠቁሙት ሰው ካለ አስፈቅዳችሁ ሥራውን ከታች ጻፉልን። የማንጆ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሥራ ከዝርዝሩ እንዳይቀር።