ዘፈንና ሠራዊት

ወር በገባ በ21 ቀን ማልዶ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሰው፥ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ ያገኛቸዋል። እኛም በልጅነታችን ከአጎታችን ጋራ ወደዚያ እንወጣ ነበር። አጎታችን በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ከታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. በኋላ ግን አንድም ቀን ሲነፉ አላየናቸውም። ከካህናቱ ኋላ ቆመው ሳሉ ከበሮው በጋለ ጊዜ፥ የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶች በመቋሚያው ራስ ላይ ተራ በተራ ይነሡና ይወድቁ ነበር። እኛ የጸሎት ቍጥር ይመስለን ነበር።

የአሜሪካ ሙዚቃና ፖለቲካ እንዴት አብረው የሕዝቡን ጠባይ እንደ ለወጡ በተነገረ ቍጥር እኒያ ጣቶች ትዝ ይሉናል። በዚያ አገር ዘፈኑ ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ወደ አደባባይ ወጣ። በነሐሴ 1955 ዓ. ም. በዋሺንግተን በተደረገው ታላቅ ሰልፍ፥ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከመናገራቸው በፊት ማሄሊያ ጃክሰን የዘመረችው ያንኑ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነበር።

በእኛ ዘንድ ግን አዲሱ ሙዚቃ ያደገው በጦር ሰፈር ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ. ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ልጆች መጥተው የነሐስ ባንድ ሆኑ፤ ከዚያም የክብር ዘበኛው፥ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ባንዶች ተከተሉ። በ1948 ዓ. ም. ለተከፈተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቃ ብዙ የደከሙት ነርሲስ ናልባንድያንም ከአርመን ወገን ነበሩ። እንግዲህ የእኛ ዘፋኝ የደንብ ልብስ ለባሽ፥ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። አለቆቹ ባመፁ ጊዜ እርሱም ከዕዳው አላመለጠም፤ ጥላሁን ገሠሠ ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ታስሯል።

መንግሥት ያልቀጠረው ጆሮ ብቻ ነው። ቅኔ የለመደ ሕዝብ «አልቻልኩም» የተባለውን የጥላሁንን የፍቅር ዘፈን የዘመን ምሬት አድርጎ ሰማው። ዘፋኙ ምን እንዳሰበ ጠያቂ አልነበረም፤ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነውና።

በ1961 ዓ. ም. ግድም ደግሞ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፥ በገዛ ገንዘቡ በውጭ አገር እያሳተመ ያወጣ ጀመር። የፖሊስ ባንድ ዘፋኝ የነበረው አለማየሁ እሸቴ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ሸክላዎች ወጡ። ዘፈን ከጦር ሰፈር ወጥቶ በሱቅ ተሸጠ፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ከ1966 ዓ. ም. በኋላ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጭፈራ ዘጋው፤ አምሐም ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ሰዓት እላፊው ሳይመጣ፥ በቈጠብነው ገንዘብ ከነዚያ ሸክላዎች አንዱን ገዝተን ወደ አጎታችን ቤት ወሰድን። ይቈጡናል ብለን ፈርተን ነበር። እስከ መጨረሻው በዝምታ አዳመጡና፥ «ሁለተኛው ጥሩምባ ዘግይቷል፤ እስቲ ከመጀመሪያው መልሱት» አሉን። መልሰን አስጀመርነው። ጣቶቻቸው በወንበራቸው ክንድ ላይ፥ በእንጦጦ ማርያም እንዳየነው፥ ይነሡና ይወድቁ ጀመር፤ ሁለተኛው ጥሩምባ በሚዘገይበት ስፍራ ግን እነርሱ አልዘገዩም።