ሲቪሽ ላይ አንቺ የለሽም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ጉዳዩ ሲቪ ነው። "ደሞ ስለ ሲቪ ምን ይባላል?" የምትሉ ካላችሁ እኔም እስካለፈው ወር ድረስ እንደዛ ነበር የማስበው።

ድሮ አካውንቲንግ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ማታ ላይ ደወለችልኝ። (የምጽፈው አስፈቅጄያት ነው፤ ስሟንና መሥሪያ ቤቷን ግን አልነግራችሁም።) "ቲቸር፣ ለፋይናንስ ኃላፊነት ሦስት ቦታ አመልክቼ አንዱም ለኢንተርቪው እንኳን አልጠራኝም። ለኃላፊነት የምሆን ሰው አይደለሁም መሰለኝ" አለችኝ። ድምጿ አላማረኝም። "ሲቪሽን በቴሌግራም ላኪልኝ" አልኳት።

ስድስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ፣ የትውልድ ቦታ፣ የልደት ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ጤንነት "በጣም ጥሩ"። ቀጥሎ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች። ሥራዋ ላይ ስደርስ ደግሞ "የሂሳብ ሰነዶችን ማዘጋጀት፣ ወርኃዊ ሪፖርት ማቅረብ፣ ከቅርብ አለቃ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን" ይላል። ይሄ እኮ የሥራ መደቡ ዝርዝር ነው። ነገ እሷ ለቃ ሌላ ሰው ቢቀጠር አንድ ቃል ሳይቀየር የሱም ሲቪ መሆን ይችላል።

መልሼ ደወልኩላት። "እዚህ ሲቪሽ ላይ አንቺ የለሽም። እስቲ ንገሪኝ፣ እዛ ቢሮ ስትገቢ ምን አገኘሽ?"

ከዛማ ማን ያስቁማት! ሂሳቡ አራት ዓመት ሳይዘጋ ተከማችቶ ነበር። በኦዲት የተመረመረ ሂሳብ ስለሌለ ባንክ የብድር ጥያቄያቸውን አላይም ብሏል። እሷ ሦስት ልጆች ይዛ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምራ፣ በ18 ወር አራቱንም ዓመት ዘግታ አስመረመረች። ብድሩም ተፈቀደ።

"ታዲያ ይሄ ሲቪሽ ላይ የት አለ?"

ዝም አለች። ቆይታ "ቲቸር፣ እንዴት ብዬ እኔ ሠራሁት እላለሁ? ልጆቹም ነበሩ። ደሞ ራስን ማወደስ..." ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

ይቺ ናት እኛን የያዘችን ነገር። ብዙዎቻችን "እኔ እኔ" ማለት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሲቪያችን ላይም ይዘነው ገባን። እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ "ሪፖርት ላይ ተደርጓል፣ ተከናውኗል በሉ" እያልኩ ያስተማርኳችሁ ሰው ነኝ። ማን እንዳደረገው የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር!

ሌላም የከነከነኝ ነገር አለ። እኔም በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ አውቃለሁ። አንዴ ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ከመቶ በላይ ማመልከቻ በሁለት ማታ ማየት ነበረብን። ለአንዱ ሲቪ አንድ ደቂቃ ሰጥቼ ከሆነ ብዙ ነው። ዓመቱን አያለሁ፣ የመጨረሻ ሥራውን አያለሁ፣ ዓይን የሚይዝ ከሌለ ወደ ጎን። እንደዚች ልጅ ያለውን ስንቱን ወደ ጎን እንዳደረግኩ እግዜር ይወቀው። ያን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ለሚጠቅመው ልንገራችሁ።

ስድስቱን ገጽ ሁለት አደረግነው። አናቱ ላይ አራት መስመር፦ ሙያዋ፣ ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ስንት ሰው እንደመራች፣ ትልቁ ሥራዋ ምን እንደሆነ። ለኃላፊነት ቦታ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ይሄንን ነው። ጋብቻና ጤንነት ወጡ። ማስታወቂያው በግልጽ ከጠየቀ ብቻ ይገባሉ።

በየሥራው ሥር ሦስት ጥያቄ መለስን፦ ምን አገኘሁ? ምን አደረግኩ? ምን ተለወጠ? እንዲህ ሆነ፦ "አራት ዓመት የዘገየ ሂሳብ ሦስት ባለሙያዎችን በመምራት በ18 ወር ዘግቼ ለውጭ ኦዲተር አቀረብኩ።" ልጆቹ አሉበት፣ እሷም አለችበት። ውሸት የለም፣ ጉራም የለም።

ዓመቶቹን በአንድ አቆጣጠር አደረግን። የተመረቀችበትን ከዲግሪዋ ላይ 2011 ብላ በፈረንጅ፣ የመጀመሪያ ሥራዋን ደግሞ 2004 ብላ በኛ ጽፋዋለች። ለማያውቃት ሰው ከመመረቋ ሰባት ዓመት በፊት የተቀጠረች ትመስላለች!

አንድ ቦታ ላይ ግን ተከራከርን። "አይኤፍአርኤስን ተግብሬያለሁ" ብላለች። ስጠይቃት ሥልጠና ወስዳ የቋሚ ንብረቱን ክፍል ብቻ ነው የሠራችው። እሱን ብቻ ጻፍን። "ለምን?" እና "እንዴት?" ተብለሽ የማትመልሺውን መስመር አትጻፊ አልኳት። ዝቅ ማለትም ከፍ ማለትም ያው እውነቱን መደበቅ ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ እስክትለቁ አትጠብቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት።

አራተኛ ቦታ አመለከተች። ተጠራች። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች አንዷ ሆነች፣ ግን ሌላው ተመረጠ። ስትደውልልኝ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። "ቲቸር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሠራሁት ሥራ ጠየቁኝ። ለካ ብዙ ሠርቻለሁ" አለችኝ። አሁን ሌላ ቦታ አመልክታ እየጠበቀች ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሥራ ባትፈልጉም እንኳን ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡና ስትገቡ ምን እንደነበረ፣ አሁን ምን እንደሆነ ጻፉ። ቁጥሩ ሳይረሳ። ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ ወዳጆቼ ደግሞ፣ ያቺን ሁለተኛ ደቂቃ አትንፈጓቸው። እኔ ነፍጌ ነበር።

እስቲ ከታች በአንድ መስመር አንድ የሠራችሁትን ነገር ጻፉልኝ። "ተከናውኗል" ያለ ግን ማርኩን እቀንሳለሁ።

መልካም ሳምንት።