ስለ እንግዳ መቀበል በደሴና በኮምቦልቻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ሞቃቱን ሜዳ ትቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ይወጣል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደም በኋላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ትቀበለዋለች። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ስትሆን ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናትና፥ ከታች ኮቱን አውልቆ የነበረው መንገደኛ ከላይ ሲደርስ ጋቢ ይለምናል። ወደ ላሊበላ የሚሄደው፥ ግሸን ማርያምን ለመሳለም የሚወጣው፥ ወደ ወልድያ የሚነግደው ሁሉ ብዙውን ጊዜ በደሴ አንድ ሌሊት ሳያድር አያልፍም።

ስለዚህ በከተማይቱ ካሉት ሆቴሎች ሌላ በግቢያቸው ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርተው ለአንድና ለሁለት ሌሊት አልጋ የሚያከራዩ ቤተ ሰቦች አሉ። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ ክቡራን አንባቢዎች ስለሚያውቁት አልዘረዝረውም፤ የልጆቻችንን ደብተርና ልብስ የሚገዛው ግን ባለቤቴ ከሁለቱ ክፍሎች የምትሰበስበው ገንዘብ ነው።

በወሎ እንግዳ መቀበል ንግድ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ይባላል፤ ትልቁና ትንሹ፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሳይናናቅ የሚገባበት መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። በእኛም ግቢ አልጋ የተከራየ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ጨርሶም ቢሆን ቡና ሳይጠጣ አይወጣም። አቦሉን ጠጥቶ ለመነሣት የሚቸኩል ቢኖር እናቴ፥ «በረካውን ሳትጠጣ ወዴት ነው?» ብላ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እናቴ ይህ የምጽፈው ነገር በሆነ ጊዜ 81 ዓመቷ ነበረ፤ አስምም ነበረባት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዘ። ከዐዋጁ በኋላ በወጣው ደንብ ውስጥ የቤት ባለቤት ተከራዩን እንዳያስወጣ፥ ኪራይም እንዳይጨምር የሚል ቃል ነበረበት። እኔ እንደ ልማዴ ቃሉን ደጋግሜ ካነበብሁ በኋላ፥ ይህ በወር ለሚከራይ ነዋሪ እንጂ ለአንድ ሌሊት ለሚያድር መንገደኛ እንዳልተጻፈ ለባለቤቴ አስረዳኋት። እርስዋም፥ «መንገደኛው ራሱ የት አለና ነው ደንብ የምትቈጥርልኝ?» አለችኝ። እውነትዋን ነበረ። ክፍሎቻችንን የዘጋቸው ፍርሃት ነው እንጂ ዐዋጅ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ባደረጉበት በቦሩ ሜዳ ያለው ሆስፒታል የኮሮና ሕመምተኞች መታከሚያ መሆኑን በሰማን ቀን፥ ባለቤቴ የሁለቱን ክፍሎች ቍልፍ ከሞሰቡ ሥር አኖረችው።

እንዲህ ያለው መቅሠፍት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ በወሩ ስም የኅዳር በሽታ ተብሎ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ጠርጎ የማጠን ልማድ የቀረው ከዚያ ነው። እናቴ ከእናቷ የሰማችውን ስትነግረን፥ በዚያ ጊዜ ሰው ለታመመው ጎረቤቱ ምግቡን ከደጃፉ አኑሮ፥ ከሩቅ ስሙን ጠርቶ ይመለስ ነበር አለች። እኔ ይህን ስሰማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና የተማርሁት ትዝ አለኝና ደስ አለኝ፤ እናቴ ግን፥ «ስሙን ይጠራ ነበር ነው ያልሁህ» ብላ ተቈጣችኝ። ነገሩ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በሰኔ ወር የባለቤቴን ወንድም ለመጠየቅ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። መኪናው በግማሽ ስለ ጫነ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበረ፤ የሐረጎን ቍልቍለት እንደዚያ ባለ ጸጥታ ወርጄው አላውቅም። ኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ናት፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እንግዳ አብዝቶላታል። አማቼ ከመንገዱ ዳር ባለው ቤቱ አልጋ የሚያከራየው ለከባድ መኪና ሾፌሮች ነው። በዚያ ወራት ደግሞ ከጅቡቲ ከሚመለስ ሾፌር ይልቅ የሚፈራ ሰው አልነበረም።

ማታ ራት ስንበላ አማቼ ዝም ብሎ ቈየና እንዲህ አለኝ፦ «ስድስት ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ በዚህ ቤት ያድር የነበረ አንድ ሾፌር አለ፤ ለልጄ ክርስትና በግ የገዛ ሰው ነው። ባለፈው ወር ሲመጣ በሩን አልከፈትሁለትም። በመስኮት ሳየው መኪናው ውስጥ ተኛ። እንቅልፍ ቢነሣኝ ራት በሳህን ወሰድሁለትና ከመሬት አስቀምጬ ራቅሁ። በልቶ ሲጨርስ፥ ሳህኑን እንድትነካው አልፈልግም፤ እኔው ዘንድ ይቈይ፤ አለኝ። ይዞት ሄደ።» ይህን ብሎ እጁን ታጠበ። እኔም ምን እንደምመልስ አጣሁ።

የአስቸኳይ ጊዜው ዐዋጅ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ አበቃ፤ በሽታው ግን አላበቃም። መስከረም 21 ቀን በአምባሰል በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረው በዓል እየቀረበ ሲመጣ ስልኩ ይደወል ጀመር። ልጆቹም ትምህርት ሊከፈትላቸው ነበርና እንደ ገና እንግዳ ለመቀበል ቈረጥን። እኔ በር ላይ የሚለጠፍ 11 አንቀጽ ያለው ሥርዐት አረቀቅሁ፤ «ማናቸውም አዳሪ» ብሎ የሚጀምር ነበረ። ባለቤቴ አንብባ እስክትጨርስ ሳቀችና ሰባቱን ሰረዘችው። የቀሩት አራቱ፥ ከበር ላይ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ አፍና አፍንጫን መሸፈን፥ ከቤቱ ሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ፥ ወደ እናቴም ደጃፍ አለመቅረብ ናቸው። ጥቂት ቀን ቈይቶ በመላው አገር የወጣው 30/2013 የተባለው መመሪያም መጨባበጥን የሚከለክልና መሸፈኛን የሚያዝ ስለ ሆነ፥ በሕግ አርቃቂነቴ ትንሽ ኰራሁ።

ሥራው ግን የባለቤቴ ነበረ። አንድ እንግዳ ከሄደ በኋላ ክፍሉ ሦስት ቀን በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ባዶውን እንዲውል ስለ ወሰነች፥ ሁለቱን ክፍሎች በየተራ እንጂ ባንድነት አናከራይም። ገቢው በግማሽ ሲቀንስ የሳሙናና የበረኪና ወጪ ጨመረ። አንሶላው በበርሜል ይቀቀላል፤ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ የደሴ ፀሐይ ደግሞ በመስከረም ሥሥታም ናትና፥ ጉሙ ከጦሳ ላይ እስኪገፈፍ እየጠበቁ ፍራሽ ማውጣትና ማግባት ቀላል ድካም አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መስከረም 18 ቀን ማታ ከሸዋ የመጡ አንድ ሽማግሌና የልጅ ልጃቸው ነበሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ወደ ግቢ እንደ ገቡ እናቴን በደጃፏ ተቀምጣ አዩና፥ እንደ አገር ልማድ ጉልበት ሊስሙ ጐንበስ ብለው ቀረቡ። እኔ ሳላስበው፥ «አባቴ፥ ይራቁ!» ብዬ ጮኽሁ። ሽማግሌው እንደ ጐነበሱ ቀሩ። ልጅቱ አያቷን በነጠላቸው ጫፍ ያዘቻቸው። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፥ «አባትህ በሕይወት ቢኖር ይህን ቃል በዚህ ግቢ ትናገር ነበርን?» አለችኝ። በ20 ዓመት የፍርድ ቤት አገልግሎቴ እንደዚያ ባለ ዐይን የተመለከተኝ ተከሳሽ የለም።

ያዳኑኝ ሽማግሌው ናቸው። ቀና ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቈጠሩና፥ «ልጅዎን አይቈጡት፤ እኔም ከቤቴ ትቻት የመጣሁ የታመመች ባለቤት አለችኝ፤ ጎረቤት ሲገባ እንደርሱ ነው የምጮኸው» አሏት። እናቴም ጥቂት አሰበችና ቡና እንዲፈላ አዘዘች። እርስዋ ከመስኮቷ፥ እንግዶቹ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነው ጠጡ። ሁለቱም ሽማግሎች ጆሯቸው የደከመ፥ አፋቸውም የተሸፈነ ስለ ነበረ፥ የጤናና የዘመድ ጥያቄያቸው ጩኸት ሆነ፤ ከጎረቤታችን ከሼኹ ቤት ሁለት ጐልማሶች ጠብ መስሏቸው ሊገላግሉ መጡ፤ እነርሱም ራቅ ብለው ተቀምጠው በረካውን ጠጡ። እናቴ ያን ማታ የሽማግሌውን ስም፥ የልጅቱን ስም፥ በቤት የቀረችውንም ሕመምተኛ ስም በመስኮቷ ደጋግማ ስትጠራ፥ በሰኔ የተቈጣችኝ ስለ ምን እንደ ሆነ ገባኝ።

እንግዶቹ ከሄዱ በዘጠነኛው ቀን እናቴ ሳለች። ባለቤቴ ቍልፎቹን ከሞሰቡ ሥር መለሰቻቸው፤ ለሦስት ሌሊትም ሁለታችን በየተራ ትንፋሿን ስናዳምጥ አደርን። ወደ ሐኪም ወስደን ስትመረመር ኮሮና እንደሌለባት፥ የቈየው አስሟ በብርዱ እንደ ተነሣባት ተነገረን። ወደ ሽማግሌው ደውዬ ይህን ስነግራቸው፥ እርሳቸውም ዘጠኙን ቀን ስለ ባለቤታቸው እንደዚሁ ሲቈጥሩ መሰንበታቸውን ነገሩኝ፤ በእነርሱም ቤት የታመመ የለም። ቍልፎቹ እንደ ገና ወጡ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሁለቱ ከተሞች እስኪደርስ ድረስም አልተመለሱም፤ የዚያ ዘመን ነገር ግን ሌላ ጽሑፍ ይሻል።

አማቼም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለሾፌሮቹ ቤቱን ከፈተ። ያ የቀድሞ ደንበኛው ግን ለብዙ ጊዜ ሳያድር ስላለፈ፥ አማቼ ተስፋ ቈርጦ ነበር። ክትባቱ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአገራችን መሰጠት ከጀመረ በኋላ፥ በአንድ ምሽት መኪናው ከበሩ ፊት ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከደረጃው ላይ አኖረና ራቅ ብሎ ቆመ። አማቼ ሲፈታው ሳህኑ ነው፤ ውስጡም ተምር ሞልቶበታል። «ዛሬ አልጋ አለ?» አለው ሾፌሩ ከሩቅ። አማቼ ቍልፉን ፍለጋ ወደ ውስጥ ሲሮጥ ተምሩን በደረጃው ላይ በተነው።