«ሰው አለ!»

በዚህ ሳምንት የማነሳው ጉዳይ በጨዋ ቤት ገበታ ላይ አይነሳም። እንኳን ልንወያይበት ስሙን ለመጥራትም ስንት ዙሪያ እንሄዳለን፤ «ደጅ ልውጣ»፣ «ወገቤን ልሞክር»፣ «እጄን ልታጠብ» እንላለን። እኔም ጋዜጠኛ በነበርኩበት ዘመን ስለ ሽንት ቤት አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ስለ ሚኒስትሮች ጽፌአለሁ፤ ስለ ምርጫ ጽፌአለሁ፤ ከዚያም የተነሳ ይኸው ሆላንድ ነኝ። አሁን የምጽፈው አክስቴ ስላስገደዱኝ ነው።

አክስቴ ሮተርዳም ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስኳርም አለባቸው። ስኳር ያለበት ሰው ውሃ ይጠማዋል፤ ውሃ የጠጣ ሰው ደግሞ የቀረውን ታውቁታላችሁ። አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ ሲል አምስተርዳምን ላሳያቸው ብዬ ከባለቤቴ ጋር ይዣቸው ወጣሁ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ባለ ጎማ ጫማቸውን አድርገው፣ በቦዩ ዳር ቀስ እያልን ስንሄድ ድንገት ቆሙና፣

«ይሄ የምን ጸሎት ቤት ነው?» አሉኝ።

ያዩት በድልድዩ አጠገብ የቆመውን አረንጓዴ የብረት ዙሪያ ነው። አንድ ሰውዬ ገብቶ ቆሟል፤ ብረቱ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ሁለት እግሩ ከሥር ይታያል። ጥቂት ቆይቶ አንገቱን እንደ ደፋ ወጣ። አክስቴ የተሳለመ መስሏቸው ሊያማትቡ ሲሉ ባለቤቴ በጆሯቸው ነገረቻቸው። «በስመ ሥላሴ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። ወዲያው ግን መለስ ብለው፣ «የሴቶቹስ የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ደቾች ይህን ብረት «ክሩል» ይሉታል፤ ጠመዝማዛ ማለት ነው፤ ከላይ ሲያዩት እንደ ተጠቀለለ ጸጉር ይመስላል። አምስተርዳም እንዲህ ያሉ መሽኛዎችን ማቆም የጀመረችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ሲሆን ዛሬ የምናየውን ቅርጽ የሰጠው ዮሃን ፋን ደር ሜይ የተባለው አርክቴክት ነው፤ በ1916 ዓ.ም. እ.ኤ.አ.። ከሥር ክፍት የሆነው፣ ብረቱም የተበሳሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በውስጥ ማን እንዳለ፣ ስንት እግር እንዳለ በውጭ የሚያልፍ ፖሊስ እንዲያይ ነው። እንግዲህ ገመናን በግማሽ ሸፍኖ በግማሽ የሚጠብቅ ቤት ነው። አላፊ አግዳሚው ጥላህን ያያል፤ እግርህን ይቆጥራል፤ ሌላውን አያይም። ለወንድ ይበቃል። ሴት ግን ምን ታድርግበት? መቀመጫ የለውም፤ በር የለውም።

በዚያን ቀን እኛም አንድ ቡና ቤት ገባን። «ለደንበኛ ብቻ» አሉን። ይሁን፤ ደንበኛ እንሁን ብዬ ሦስት ቡና አዘዝኩ። ሽንት ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ደረጃው እንደ ሆላንድ ደረጃ ሁሉ እንደ መሰላል የቆመ። አክስቴ ጉልበታቸውን ይዘው አዩት፤ ደረጃውም አያቸው፤ ተመለሱ። ቡናውን ጥለን ወጣን። ጥቂት እንደ ሄድን ብስክሌቶች እንደ ጫካ የተደረደሩበት የቦይ ዳር ደረስንና አክስቴ ለባለቤቴ፣ «ነጠላዬን ያዥልኝ» አሏት።

አውቶቡስ ተሳፍሮ ደሴ ወይም ጎንደር የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ረዳቱ «ውሃ ሽንት ያላችሁ!» ይላል፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላው ወገን ይበተናል። ሁለት ሴቶች ነጠላ ዘርግተው ይቆማሉ፤ ሦስተኛዋ ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ ትላለች። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ባይተዋወቁም ይለዋወጣሉ። አውቶቡስ ሙሉ ወንድ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ስለ ሰብሉ ያወራል። በር የሌለው፣ ቁልፍ የሌለው፣ ግን ማንም የማይጥሰው ቤት ነው። አምስተርዳም ላይ ግን ፊቱን የሚያዞር ሰው ከየት ይመጣል? በጀልባ የሚያልፈው ቱሪስት ካሜራውን ደቅኗል። ፖሊስ ቢመጣ ደግሞ በሜዳ መሽናት በዚህ አገር ያስቀጣል፤ «ቪልድፕላሰን» የሚባል የራሱ ስም ያለው ጥፋት ነው።

ያዳነችን አንዲት የሱሪናም ሴት ናት፤ ሮቲ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። ባለቤቴ በምልክት ብታስረዳት ምንም ሳትጠይቅ አክስቴን በክንዳቸው ይዛ በጓዳ በኩል አስገባቻቸው። አክስቴ ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። «ይቺ የኛ ሰው ናት እንዴ?» አሉኝ። ምነው ብላቸው፣ «ሃይላንዱን አየሁታ!» ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሽንት ቤቱ ጥግ ቆሞ አይተዋል። የሱሪናምና የኢንዶኔዥያ ሰዎች እንደኛ ሰው በወረቀት ብቻ አይበቃቸውም፤ ጠርሙሷን ከጎናቸው አያጧትም። እኔም በዚህ አገር ስኖር ሃይላንዴን ከእንግዳ የምደብቅበትን ዘዴ ስንት ዓመት እንዳሰላሰልኩ ለራሴ ታወሰኝና ሳቅሁ።

ይህ የአክስቴ ችግር የአክስቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1970 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. «ዶላ ሚና» የሚባሉ የሴቶች መብት ታጋዮች የአምስተርዳምን የወንዶች መሽኛዎች በሮዝ ሪባን አሥረው ዘግተዋቸው ነበር፤ ለወንድ በየመንገዱ ለሴት የለም ማለት ምንድን ነው ብለው። ከዚያ 45 ዓመት ቆይቶ በ2015 ኼርተ ፒኒንግ የምትባል ወጣት በሌይድስፕሌይን አካባቢ መሸታ ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ጨንቋት በመንገድ ላይ ስትሸና ፖሊስ ያዛት። ቅጣቱን አልከፍልም ብላ ፍርድ ቤት ሄደች። በ2017 ዳኛው የወንዶቹን መሽኛ መጠቀም ትችዪ ነበር፤ ደስ አይል ይሆናል እንጂ ይቻላል አሏትና 90 ዩሮ ክፈይ ተባለች። በጊዜው ከተማዋ ለወንዶች 35 መሽኛ ሲኖራት ለሴቶች የነበራት ሦስት ብቻ ነው። አገር ጉድ አለ። ሴቶች በወንዶች መሽኛ እንዴት አድርገው እንደሚቀመጡ ፎቶ እየተነሡ ለዳኛው መልስ ሰጡ። በ2024 ማዘጋጃ ቤቱ ሴቶችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች የሚጠቀሙባቸውን ሽንት ቤቶች ለመጨመር 4 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። ከሪባኑ እስከ ገንዘቡ 54 ዓመት ማለት ነው። እኛ ቀበሌን ቀርፋፋ እንል ነበር።

ባቡሩም ቢሆን ያው ነው። በ2009 አዳዲሶቹ «ስፕሪንተር» ባቡሮች ሥራ ሲጀምሩ ሽንት ቤት አልተሠራላቸውም፤ ሰው ሲጮህ በ2011 ለጭንቅ ጊዜ የሚሆን የፕላስቲክ ከረጢት ተቀመጠላቸው፤ ሽንት ቤቱ የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ከረጢቱ ለአክስቴ አልነገርኳቸውም።

ታዲያ እዚህ አገር ሰው ገመናውን አያውቅም ለማለት አይደለም። ሮተርዳም ማታ ማታ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ብትሄዱ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም። ራቱን ሲበላ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ከሚስቱ ጋር ሲኮራረፍ ሁሉ ከመንገድ ይታያል። የምንደብቀው የለንም ማለታቸው ነው ይላሉ። ሽንት ቤቱ ግን ቁም ሳጥን የምታህል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚወርድባት ትንሽ ሳህን ያላት፣ ጥብቅ የሆነች ክፍል ናት። በሩ ቀይ ካሳየ ሰው አለ፤ ነጭ ካሳየ የለም። ማንም አያንኳኳም፤ ማንም አይጠራም። እና ከፊት ለፊትህ፣ ስትቀመጥ ዓይንህ በሚያርፍበት፣ የልደት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የዘመዱ፣ የወዳጁ፣ የጎረቤቱ ስም በየቀኑ ተጽፎበታል፤ ዓመት ስለሌለው ለዘለዓለም ያገለግላል።

አገሩ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት አንድ የሮተርዳም የሥራ ባልደረባዬ ቤት ተጋብዤ ያችን ክፍል ገባሁ። መቁጠሪያውን በዓይኔ ስፈልግ ስሜን አገኘሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፊደሉ ትንሽ ተሳስቶ፣ በእናቷና በጥርስ ሐኪሟ ስም መካከል። በሩን ቆልፌ ረጅም ሰዓት ቆየሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ለአክስቴ ብነግራቸው ደነገጡ። «ስምህን ሽንት ቤት ውስጥ? የክርስትና ስምህ ባይሆን ነው ደጉ!»

ቆልፌ ማለቴን ልብ በሉልኝ። አዲስ አበባ ባደግሁበት ግቢ ሰባት ቤተሰብ የሚጠቀምበት አንድ የቆርቆሮ ሽንት ቤት ነበር። ቁልፉ እሜቴ ዘንድ ይውላል፤ በውስጥ በኩል ግን መቀርቀሪያ የለውም። መቀርቀሪያው ድምፃችን ነው። የሚመጣው ሰው ከሩቁ «እህ፣ እህ» ብሎ ያስላል፤ የገባው «ሰው አለ!» ይላል። ሌሊት ከሆነ እህት ወንድሟን ቀስቅሳ ኩራዝ አስይዛ ትወጣለች፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ይዘፍንላታል። በዚያ ሁሉ ድህነት ማንም ማንንም አይቶ አያውቅም።

ያየኝ መንግሥት ነው። በ1998 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ከጥቅምቱ ግድያ በኋላ ጋዜጠኛው ሁሉ ሲታፈስ እኔም ተወስጄ አንድ ጣቢያ ከረምኩ። ሽንት ቤት በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ጧትና ማታ፣ በሰልፍ። በር የለውም። ፖሊሱ ፊት ለፊት ቆሞ «ቶሎ በል!» ይላል፤ አንዳንዱ ይቆጥራል። ስለ ዱላው በኋላ ብዙ ጽፈናል። ስለ በሩ ግን የጻፈ አላየሁም፤ እኔም ዛሬ መጻፌ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንዶች ተሰልፈው በሚሸኑበት ቦታ ቆሜ ሽንቴ አይመጣም፤ ሐኪም ዘንድም አልሄድኩበትም። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ እንኳ እቆልፋለሁ። ባለቤቴ ታውቃለች፤ አትጠይቀኝም።

በ2017 በቀይ ሽብር ዘመን ጎጃም ውስጥ በተፈጸመው ግፍ የቀድሞው የደርግ ሹም በዘ ሔግ ፍርድ ቤት ሲዳኝ፣ ከተፈረደበት ወንጀል አንዱ እስረኞችን ሰብዓዊነት በጎደለው ሁኔታ አጉሮ መያዝ ነበር። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2022 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። የዚያን ዕለት ዜናውን ሳነብ ግድያውና ሥቃዩ ወንጀል መሆኑ አልገረመኝም። አያያዙም በሕግ ስም ያለው ጥፋት መሆኑን ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

አክስቴ ከአምስተርዳሙ ቀን ወዲህ ከቤት መውጣት ቀነሱ። ልጃቸው እንደ ነገረኝ ሊወጡ ሲሉ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይጠጡም፤ ስኳር ያለበት ሰው ውሃ ሲያቆም ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ቢቆጣም አልሰሙም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዞሮባቸው ትራም ውስጥ ሊወድቁ ሲሉ ሰው ደግፏቸዋል። አሁን ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሽንት ቤት ሁሉ፣ ደረጃ የሌለውን ብቻ፣ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። አራት ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ከዳዊታቸው ጋር ይዘውት ይዞራሉ።

ባለፈው ሳምንት ዘመድ ልንጠይቅ ዘ ሔግ ወርደን በጣቢያው ገባን። ሳንቲሙን ከፍዬ አስገባኋቸውና በውጭ ቆየሁ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ሴት ከነሻንጣዋ ሮጣ ገባች፤ እጀታውን ስትሞክር ይሰማኛል። በሩ ቀይ ያሳያል፤ አክስቴ ግን በቀይ አያምኑም።

«ሰው አለ!» አሉ በአማርኛ፣ ጣቢያው እስኪሰማ።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ልጅቷ፣ «ይቅርታ እናቴ፤ ይጨርሱ፣ እጠብቃለሁ» ስትል ሰማኋት።