ባሕር የማይደርስ ውሃ

በተወለድኩበት ከተማ አስጎብኚ ይዤ ስወጣ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ጥቅምት ገና መግባቱ ነው፤ መስቀል አልፎ፣ ወንዙ ከጭቃው ጠርቶ፣ ግን ገና ሳይሳሳ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ተሰባሰብን። ስድስት ነን፦ ፏፏቴ ሥር ለመዋኘት ብለው ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ያደሩ ባልና ሚስት፣ ሁለት ተማሪዎች፣ እኔና አስጎብኚያችን። አስጎብኚው የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። ስማችንን መዘገበ፣ ጫማችንን አየ፣ ከዚያ እየዞረ ሁላችንንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀን።

«ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?»

«እችላለሁ።»

«የት ለመዱ?»

«እዚሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ፣ አንድ ነገር ባስረዳ ቁጥር «ልክ ነኝ?» በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞር ይል ነበር። እኔ ግን እሱን የማርምበት እውቀት አልነበረኝም። ከአርባ ዓመት በፊት የዋኘሁበትን ወንዝ ዛሬም አውቀዋለሁ ማለት ከባድ ነው። ድንጋዩ ያው ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ግን የሄደው የዚያኑ ቀን ነው።

ሚኒባሱ ሽቅብ ሲጀምር ጭላሎ ከፊታችን ቆመ። ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ለአሰላ ሰው ግን ቁመቱን ማንም አይነግረውም። ልብስ ያጠበች ሴት ከማስጣቷ በፊት ቀና ብላ ታየዋለች፣ ገብሱን ያጨደ ገበሬ ከመውቃቱ በፊት ቀና ብሎ ያየዋል። ራሱን ከሸፈነ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። በልጅነቴ ቤታችን ሬዲዮ ቢኖርም የአየሩን ነገር የምንጠይቀው እሱን ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል መባሉ ከንክኗት ኖሮ «ሐሩር ክልል ውስጥ አይደለን እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። አሰላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ካርታ ብቻ ያየ ሰው ሙዝና ዘንባባ ይጠብቅባታል። እሷ ግን 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ ገብስ ታበቅላለች። 1000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከማሳው ወደ ጥዱ፣ ከጥዱ ወደ ኮሶው፣ ከኮሶው ወደ አስታው፣ ከአስታው ወደ ጅብራው የወጣ ሰው በአንድ ቀን ብዙ አገር ያቋርጣል። አባቶቻችን ይህን አውቀው አገሩን በቁመት ከፈሉት፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ዛሬ የምንገባበት ውሃ ትናንት ማታ ውርጭ ውስጥ ያደረ ነው። ልጅቷ ይህን ስነግራት ሹራቧን ሳብ አደረገች።

መኪናው የማይወጣው ላይ ሲደርስ በእግር ቀጠልን። በርኖስ የደረበ ፈረሰኛ አለፈን። ቢጫ ጀሪካን ያዘለች እናት ስናገኝ አስጎብኚያችን «አዴ፣ አካም ቡልተን» ብሎ ጎንበስ አለ። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችው፤ ነገራት። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችንና አንድ ነገር ተናገረች። ሲተረጉምልን «በጊዜ ውጡ ብላለች» አለን።

እናቴም ያንኑ ትል ነበር። እናቴ ውሃ አትወድም ብል እዋሻለሁ፤ ትቀዳዋለች፣ ታጥብበታለች፣ ጠበሉን ትጠጣለች። የማትወደው እኛ ስንገባበት ነው። በቀትር ወንዝ መውረድ ክልክል ነበር፤ የቀትር ጋኔን አለ። ጋኔኑን ያልፈራ ልጅ ቢኖር ሁለተኛው ቃሏ ይጠብቀዋል፦ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ይህን ስትል ድምጿ ዝቅ ይላል። አንድ ነሐሴ ከሰፈራችን አንድ ልጅ ውሃ ወስዶት ነበር። ከዚያ ነሐሴ በኋላ ምርመራ ተጀመረ። ከውጭ ስንገባ እጃችንን ትይዝና ክንዳችን ላይ በጥፍሯ ጫር ታደርጋለች። ወንዝ የዋለ ቆዳ ይደርቃል፤ ጥፍር ሲያርፍበት ነጭ መስመር ያወጣል። መስመሩ ከወጣ ክርክር የለም። ቫዝሊን ለመቀባት ሞክረናል፤ የወዛ ክንድም ራሱን የቻለ ማስረጃ ሆነ። ያኔ የሚመስለኝ የምትፈልገው ጥፋታችንን ነበር። ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው የምትፈልገው ሌላ መሆኑ የገባኝ፤ ዛሬም በደኅና መውጣታችንን በእጇ ትዳስስ ነበር።

ፏፏቴውን ከማየታችን በፊት ሰማነው። ከዚያ ንፋሱ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ የጥዱ ቅጠል እርጥብ ሆነ። ቁመቱ እንደ ጢስ ዓባይ አይደለም፤ ሦስት ሰው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ቢቆም የሚደርስበት ነው። ከላይ ጥቁር ጠንካራ ድንጋይ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ፈዘዝ ያለ፣ በጣት የሚፈረፈር። ጭላሎ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ በተለያየ ዘመን የተፋው ድንጋይ ተነባብሮ ተቀምጧል። ውሃው የለሰለሰውን ከሥር ይቦረቡራል፣ የላይኛው ድጋፍ ሲያጣ ይወድቃል፣ የወደቀው ድንጋይ እግሩ ሥር እየተሽከረከረ ገንዳ ይቆፍራል። ስለዚህ ውሃው ወደ ታች ሲሄድ ፏፏቴው ራሱ በዝግታ ወደ ኋላ፣ ወደ ምንጩ ይመለሳል። አስጎብኚው ይህን በእጁ እያሳየ ሲነግረን ባልየው ስልኩን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ፎቶ አላነሳም።

ከመግባታችን በፊት ቁጭ ብለን ጩኮ በላን። አስጎብኚው ወደ ቁልቁለቱ እየጠቆመ «ይሄ ውሃ ወርዶ ከታርን ይቀላቀላል፤ ከታር ዝዋይ ይገባል» አለ። ተማሪዋ «ከዝዋይስ?» አለችው። ወደ እኔ ዞረ። እኔም ለራሴ ያህል ቆጥሬ የማላውቀውን ሒሳብ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆጠርኩት።

ከዝዋይ ቡልቡላ ይወጣል። ቡልቡላ አቢያታ ይገባል። ከአቢያታ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ከዚያ ያለው መንገድ ወደ ሰማይ ብቻ ነው። ከእነዚህ ተራሮች ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ አዋሽን ያገኛል፣ ከአዋሽ ጋር አፋርን ያቋርጣል፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ዋቤ ሸበሌ ይሆናል፤ መልካ ዋከና ላይ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፣ ኦጋዴንን ያጠጣል፣ ሶማሊያ ይዘልቃል። ሞቃዲሾ አካባቢ ሕንድ ውቅያኖስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ይታጠፍና ባሕሩን በጎን እያየ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ዝናቡ እጅግ በበዛበት ዓመት ብቻ ጁባን አግኝቶ ባሕር ይገባል። ሦስት አቅጣጫ፣ ሦስት መንገድ፤ ከጭላሎና ከጋላማ ተራሮች የሚነሳው ውሃ በአዘቦት ዓመት አንዱም ባሕር አይደርስም።

ይህን ስናገር ተማሪዋ «ያሳዝናል» አለች። ለጥቂት ጊዜ እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ዓባይ ባሕር ይደርሳል፤ ሲዘፈንለትም ሲወቀስበትም የኖረው በዚሁ ነው፤ ማደሪያ የለውም ይባላል። የእኛዎቹ ግን ማደሪያ አላቸው። ባሕር ያልደረሱት መንገድ ላይ ብዙ ሰው ስለጠበቃቸው ነው። አንዱ ሽንኩርት አጠጥቷል፣ አንዱ የአፋርን ግመል፣ አንዱ ጎዴ ላይ በቆሎ አብቅሏል። ዝዋይ መካከል ቱሉ ጉዶ ደሴት አለ፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥቶ እዚያ ተሸሽጎ ነበር ይባላል። አባቶች ያንን አደራ ሊያስቀምጡ ዙሪያውን ውሃ የከበበው ቦታ ሲመርጡ፣ ከከበበው ውሃ ጥቂት የማይባለው ከአርሲ ተራሮች የወረደ ነበር። ውሃ እንደዚህ አደራ ከጠበቀ፣ ባሕር ባይደርስ ምን ጎደለበት?

ደግሞ ባሕር የደረሰልን አለ። ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 በ10000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ባርሴሎና ላይ ነው፤ በኦሊምፒክ ወርቅ ለማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1993 መስከረም ላይ ያንን ርቀት ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ሲድኒ ነው። ሁለቱም የባሕር ዳር ከተሞች ናቸው። አንዷ የበቆጂ ናት፣ አንዱ የአሰላ፤ ሁለቱም የጠጡት የእነዚህን ተራሮች ውሃ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አቢያታ በእኔ ዕድሜ እጅግ ሸሽቷል። ውሃው ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሱ ከሐይቁ ደግሞ ለሶዳ አሽ ሲሳብ ኖሯል። ፍላሚንጎ ለማየት የሄደ ሰው ድሮ ዳርቻ የነበረውን ቦታ አቋርጦ በነጭ አፈር ላይ ብዙ ይራመዳል። እዚህ ላይም አስታው ወደ ጫፉ እየሸሸ ነው፤ ማረሻ ይከተለዋል። አስታ ጉም ይዞ የሚያንጠባጥብ ዛፍ ነው፤ እሱ ሲሄድ ክረምቱ ደራሽ ይሆናል፣ በጋው ጠጠር። ማደሪያ ያለውን ውሃ ማደሪያውን እያጠበብንበት ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ በዋናነት የሚገኘው በእነዚህና በባሌ ተራሮች ነው፤ እሱም ከዚሁ ምንጭ ይጠጣል።

ከዚያ ገባን። ስለ ብርዱ ብዙ አልልም፤ ደረት ይይዛል፣ ቃል ያሳጣል፣ ከዚያ ይለቃል። አስጎብኚው ዘልሎ መግባት ከልክሎን ነበር፤ እግር፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ በየተራ፣ ትንፋሽ እስኪረጋ እየጠበቅን። ሚስትየዋ መጨረሻ ገብታ መጨረሻ ወጣች። እኔ በጀርባዬ ተኛሁ። ጆሮዬ ከውሃው ሥር ሲገባ የፏፏቴው ጩኸት ተለወጠ፤ ከሩቅ የሚመጣ፣ ወፍራም፣ እንደ ከበሮ ያለ ነገር ሆነ። ይህን ድምፅ ለአርባ ዓመት አልሰማሁትም፤ ግን ሰውነቴ ቀድሞኝ አወቀው።

ከብት የሚጠብቁ ሦስት ልጆች ከላይ ቆመው ሲያዩን ቆይተው ወረዱ። ልብሳቸውን ድንጋይ ሥር ሸጉጠው እኛ ወደ ራቅነው፣ ውሃው ወደ ጠቆረበት ጥግ ሄዱ። አማርኛ የሚናገረው ትንሹ ነው። «እዚያ ጋ አትምጡ፤ እሱ ባሕር ነው» አለን።

ባሕር! ተማሪዋ ሳቀች፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። እኛም እንደዚያ ነበር የምንለው። እግር መሬት የማይነካበት ሁሉ ባሕር ነው። ጣና ዳር የተቆረቆረችውን ከተማ ባሕር ዳር አልናት። ከባሕር ማዶ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ አልነው፤ አሰላም ዙሪያውን ተተከለባት። ለጥምቀት ታቦት የሚወርድባት ገንዳ፣ አንዳንዴ ከአንድ ክፍል የማትሰፋ፣ ጥምቀተ ባሕር ናት። ይህ ቋንቋ ከባሕር ርቆ የኖረ ሰው ስስት ይሁን ልግስና እንጃ። ልጁን ግን አላረምኩትም። ስንዘረዝር የቆየነውን ሒሳብ እሱ አልሰማም፤ ውሃው ለእሱ ከደረሰ ቆይቷል።

አስጎብኚያችን እየዋኘ እንኳ በየመሀሉ ወደ ተራራው ያይ ነበር። በላያችን ፀሐይ ነው፤ የጭላሎ ራስ ግን ጠቆረ። «ውጡ» አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ። እኛ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ አልን። «አሁን» አለ። እረኞቹ ከእኛ ቀድመው ወጥተው ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። ዳገቱን ይዘን ቁልቁል ስናይ በመጀመሪያ ቅጠል መጣ። ከዚያ እንጨት። ከዚያ ውሃው ቀለሙን ለወጠና ድምፁ ወፈረ፤ ጩኮ የበላንበት ድንጋይ ተሸፈነ። እኛ ዘንድ አንድ ጠብታ አልዘነበም። ባልየው ሄዶ የአስጎብኚውን እጅ ጨበጠ፤ ሌላ ነገር ማንም አልተናገረም።

ወደ አሰላ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተማሪዎቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ምሽት ሊሆን ነው፤ የአንዳንዱ ቤት ጢስ ከባሕር ዛፉ መካከል ይወጣል። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት አለፋት። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴ ላይ በጥፍሬ ጫር አደረግሁ። ነጭ መስመር ወጣ። ቤት እስክንደርስ ሳልሸፍነው ቆየሁ።