ወገቧን እሹላት፣ ሆዷን ተዉላት

ነፍሰ ጡርን ማሸት፣ ማለትም የእርጉዝ ሴትን ጡንቻ በእጅ እየተጫኑና እየዳበሱ ድካምንና ሕመምን ማቅለል፣ በኢትዮጵያ ከየትኛውም ሆስፒታል የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ሙያ ሲሆን፣ በተጂና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎችም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሰፈሮች ዛሬም እርስ በርስ በማይተዋወቁ ሁለት ቦታዎች ይሠራል። አንደኛው የልምድ አዋላጆች፣ ማለትም ማዋለድን በትምህርት ቤት ሳይሆን ከእናቶቻቸው እጅ አይተው የለመዱ ሴቶች፣ በለጋ ቅቤ የሚያሹበት ጓዳ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በተጠጉ ቁጥር በየሕንፃው ላይ የሚበረክተው «ማሳጅና ስፓ» የሚል ማስታወቂያ የተሰቀለበት ቤት ነው። ጤና ጣቢያው በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ክልክል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈው ዛሬ ጠዋት በተጂ የተሰማ ሙግት ነው። ለክትትል በመጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ምክንያት አማቷና አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስ ተፋጠጡ፤ አማቷ «ልጄ፣ ሽሉ ተጋድሟል፤ አንድ ጊዜ ብትታሽ ይስተካከላል» ሲሉ፣ ነርሷ «እማማ፣ እርጉዝ አይታሽም አልኩ እኮ!» ብላ ዘጋችው። ነፍሰ ጡሯ ራሷ የተናገረችው «እኔን ያመመኝ ወገቤን ነው» የሚል ብቻ ሲሆን፣ እሷን የሰማት ግን አልነበረም።

ከሦስቱ ሴቶች የጉዳዩን ሥር የያዘችው ነፍሰ ጡሯ ናት። በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች፣ ማለትም በደም ውስጥ እየተዘዋወሩ የአካል ክፍሎችን ሥራ የሚቆጣጠሩ ንጥረ ነገሮች፣ የዳሌን አጥንቶች ያያያዙትን ጅማቶች ያላላሉ፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድም የሰውነቷ ሚዛን ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ደረቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ መሄድ ግድ ይላታል፣ የወገቧ ጡንቻዎችም ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ። ከነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በአንድ ወቅት የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም የሚሰማቸው በዚህ ምክንያት ነው። በበቾ ሜዳ ከጤፍ አረም ተመልሳ ጀሪካን የምትሸከም፣ ከዚያም ምጣድ ሥር ጎንበስ ብላ እንጀራ የምትጋግር ሴት ወገቧን ቢያማት የሚያስገርም ነገር የለውም። ሊያስገርም የሚገባው፣ «እርጉዝ አይነካም» የሚለው ሰው ሁሉ ያችኑ ሴት በኮብልስቶን ላይ በሚዘል ባጃጅ የኋላ ወንበር ጭኖ ሲሸኛት አንዳች ስጋት የማይሰማው መሆኑ ነው።

ይህን ሕመም ማሸት ያቀልለዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ምርምር ያለው መልስ መጠነኛ ቢሆንም አዎንታዊ ነው። በአሜሪካ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የንክኪ ምርምር ተቋም መሥራች ቲፋኒ ፊልድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 26 ነፍሰ ጡሮችን በሁለት ቡድን ከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ለአምስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ20 ደቂቃ እንዲታሽ፣ ሁለተኛው ጡንቻን የማፍታታት ልምምድ እንዲያደርግ አድርገው ነበር፤ የታሹት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ እንቅልፋቸው ተሻሽሎ፣ የጀርባ ሕመማቸውም ቀሎ ተገኝቷል። 26 ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶችም አብዛኞቹ አነስተኛ ስለሆኑ ማሸትን እንደ ፍቱን መድኃኒት ማቅረብ አይቻልም። ያም ሆኖ ጤነኛ የሆነች ነፍሰ ጡር ጀርባዋን፣ ትከሻዋን፣ እጇንና የእግሯን መዳፍ በለሆሳስ ብትታሽ ጽንሱ ይጎዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት «ታሽታ አስወረዳት» የሚባለውም ቢሆን፣ በዚያ ዕድሜ ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበልጡት በክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መረጃን በሚሸከሙ የሴል ክፍሎች፣ ጉድለት የተነሣ እንደሚወርዱ ስለሚታወቅ፣ ብዙ የስፓ ባለሙያዎች እስከ ሦስት ወር አናሽም የሚሉት ጉዳቱን አይተው ሳይሆን ወቀሳውን ፈርተው ይመስላል።

ሆድን ማሸት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ የአማቷ ጥያቄ የሚመረመረውም እዚህ ላይ ነው። የልምድ አዋላጆች የተጋደመውን ወይም በመቀመጫው የተቀመጠውን ጽንስ በማሸት ያዞራሉ የሚለው እምነት በአገሪቱ ሰፊ ሲሆን፣ እምነቱም ከምንም የተነሣ አይደለም፤ ታሽተው የተስተካከለላቸው እናቶች በየመንደሩ በምስክርነት ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሆኖም በ28ኛው ሳምንት፣ ይኸውም በሰባተኛው ወር ገደማ፣ ከአራት ወይም ከአምስት ጽንሶች አንዱ ጭንቅላቱን ሽቅብ አድርጎ በመቀመጫው የሚገኝ ሲሆን፣ የመውለጃው ቀን ሲደርስ በዚያ ሁኔታ የሚቀሩት ከ100 ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። በሌላ አነጋገር አንዲት አዋላጅ በሰባተኛው ወር በመቀመጫቸው ያሉ ሃያ ጽንሶችን ብታሽ፣ አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ያህሉ ማንም ባይነካቸውም በራሳቸው ጊዜ የሚዞሩ ስለሆኑ፣ ስሟ ከተጂ አልፎ እስከ አስጎሪ ቢጠራ አያስደንቅም። ለቀሩት ለሦስቱ ወይም ለአራቱ ደግሞ «ዕድላቸው ነው» ይባላል፤ ዕድል ደግሞ በማንም ላይ ስም አያጠፋም።

በዘመናዊው ሕክምናም ጽንስን ከውጭ በእጅ የማዞር ሥራ መኖሩ ለአማቷ ክብር ሲባል መነገር አለበት። ይህ ሥራ በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት ገደማ በሐኪም የሚከናወን ሲሆን፣ በቅድሚያ የጽንሱና የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ የጽንሱ የልብ ምት ከማዞሩ በፊትና በኋላ ይመዘገባል፣ ማህፀንን የሚያላላ መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል፣ ነገሩ ቢበላሽም ወዲያው ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚቻልበት ክፍል በቅርብ ይኖራል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም የሚሳካው ከሁለት በአንዱ ያህል ነው። ስለዚህ ለጓዳው እጅ ያነሰው ሐሳቡ አይደለም፤ የጎደለው መቼ መተው እንዳለበት የሚነግረው ነገር ነው።

ሆድን በኃይል ማሸት ከሚያስከትላቸው አደጋዎች አንዱ የእንግዴ ልጅ ያለ ጊዜው መላቀቅ ነው። የእርግዝናው ጊዜ ሲደርስ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ ማህፀን ስለሚፈስ፣ እንግዴ ልጁ ከተጣበቀበት ግድግዳ ሲላቀቅ እናትና ልጅ ባጭር ጊዜ ውስጥ አደጋ ላይ ይወድቃሉ፤ ይባስ ብሎም ደሙ ከእንግዴ ልጁ ጀርባ ታቁሮ ወደ ውጭ ላይታይ ስለሚችል፣ ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ «ገና ምጥ ነው» ተብላ የምትጠብቅ ሴት ትኖራለች። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ደግሞ የማህፀኗ ጠባሳ ግፊትን ላይችል ስለሚችል፣ በተለይ ምጥ ከጀመራት በኋላ ሆዷን መጫን ለማህፀን መቀደድ ሊዳርጋት ይችላል። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ፣ ይህም ማለት በቀይ የደም ሴሎቿ ላይ አርኤች የተባለው ፕሮቲን የሌላት እናት፣ ሆዷ ሲገፋ የጽንሱ ደም ከእሷ ደም ጋር ሊቀላቀልና ሰውነቷ የኋላ ኋላ የሚወለዱ ልጆቿን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ሊያበጅ ይችላል።

እዚህ ላይ ከርዕሱ ትንሽ መውጣት ግድ ነው፤ ቅሬታው ለብዙ ጊዜ ታምቆ የቆየ ነውና። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ «ማሳጅ» የሚለው ቃል በጨዋ ቤት ውስጥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገር ሆኗል። ባል «ማሳጅ ሄድኩ» ቢል ሚስት የምትጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሚስት «ማሳጅ ልሂድ» ብትል ደግሞ አማት፣ ምራትና ጎረቤት ተሰብስበው ጉባኤ ይቀመጣሉ። ሙያውን በቅጡ የተማሩት፣ የጡንቻንና የነርቭን አቀማመጥ የሚያውቁት ሰዎች፣ በጥቂት ቤቶች ምክንያት ስለ ራሳቸው ሲያስረዱ ይውላሉ። ይህ ግን የሙያው ዕጣ ፈንታ አልነበረም። በጃፓን ማሸት ለብዙ መቶ ዓመታት የዓይነ ስውራን የተከበረ መተዳደሪያ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ዓይነ ስውሩ የመርፌ ሕክምና ባለሙያ ሱጊያማ ዋይቺ ለዓይነ ስውራን የመርፌ ሕክምናና የማሸት ትምህርት ቤቶችን አቋቁሟል፤ ዛሬም የጃፓን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ሙያውን ያስተምራሉ፣ ተመራቂዎቹም የመንግሥት ፈተና አልፈው ፈቃድ ይወስዳሉ። ሰበታ ደግሞ በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ጣቶቻቸው ብሬልን፣ ማለትም በነጥቦች የሚጻፈውንና በመዳሰስ የሚነበበውን ፊደል፣ ለማንበብ የሠለጠኑ ወጣቶች ባሉበት ከተማ፣ ማሸት በሥርዓተ ትምህርት ተይዞ እንደ ማንኛውም የጤና ሙያ ቢሰጥ ምን ይጎድል ነበር? ደንበኛውንም ዓይን አፋርነት አይዘውም ነበር። ለማንኛውም ሐሳቡን የሚወስድ ባለሥልጣን ካለ በነጻ ነው።

ወደ ነፍሰ ጡሯ ለመመለስ ያህል፣ በጓዳም ይሁን በስፓ የምትታሽ ሴት በቅድሚያ አተኛኘቷ መስተካከል አለበት። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባዋ ተንጋላ ብትቆይ፣ የከበደው ማህፀን ከታችኛው አካል ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው የደም ግፊቷ ወርዶ ሊያዞራትና ላብ ሊያሰምጣት፣ ወደ ጽንሱ የሚደርሰውም ደም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ በጎኗ፣ በተለይ በግራ ጎኗ፣ አስተኝቶ በጉልበቶቿ መካከል የታጠፈ ጋቢ፣ ከሆዷ ሥር ደግሞ አነስ ያለች ትራስ ማድረግ ይገባል። የሚያሸው ሰው መዳፉን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አሳርፎ፣ አጥንቱን ራሱን ሳይጫን፣ ከታችኛው ወገብ ወደ ትከሻ ቀስ እያለ ይገፋል፤ የሚያማት ከሆነ ያቆማል። ቅቤውም በቆዳ ላይ እጅን ከማንሸራተት ያለፈ ምሥጢር የለውም፤ በዛሬው ገበያ ከሆነ ቅባት ቢተካው ቤተሰቡም ያመሰግናል።

ባት ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። እርግዝና በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም ለመግታት ሲል የደምን የመርጋት አቅም ስለሚጨምር፣ ነፍሰ ጡር ሴት በእግሯ ጥልቅ የደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሏ ካላረገዘችው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በግራ እግር ላይም ይበረታል። አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲረገጥም ከጠዘጠዘ፣ «የደም ዝውውር ይስተካከል» ብሎ ማሸት የረጋውን ደም አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላልና፣ ያ እግር ሳይታሽ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። እንደዚሁም ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ወይም ከቀኝ የጎን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም የመጣባት ሴት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ሊኖርባት ስለሚችል፣ «ምች ነው» ተብሎ ግንባሯን ታሽታ እንድትተኛ ማድረግ ሕይወቷን በዋዛ መያዝ ነው።

የልምድ አዋላጆችን ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደ ጥፋተኛ ማቅረብ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት የኢትዮጵያ እናቶች 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደርሰዋል። ዛሬ «እርጉዝ አይታሽም» የምትለዋ ወጣት ነርስ ራሷ በማን እጅ እንደተወለደች ብትጠየቅ መልሱ ከጓዳው ብዙም አይርቅም። ነርሷ ሆድን መከልከሏ ልክ ነው፤ ወገብን ጨምራ መከልከሏ ግን ሴቲቱን ሁለቱንም ወደሚያሽ ጓዳ፣ ለዚያውም ተደብቃ እንድትሄድ፣ ያደርጋታል።

ምጥ ሲመጣ ነገሩ እንዲያውም ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ ጤነኛ የሆነች ወላድ ሕመሟ እንዲቀልላት ከፈለገች መታሸትን እንደ አንድ አማራጭ ሲመክር፣ ልጁ ቶሎ እንዲወጣ በሚል የሆድን የላይኛውን ክፍል በእጅ መግፋትን ግን አይመክርም፤ ወላዷ የመረጠችው ሰው በምጡ ሁሉ አብሯት እንዲሆንም ይመክራል። ወገቧን የምታሽ እናት፣ እጇን የምትይዝ እህት፣ «ማርያም ማርያም» የሚል ጎረቤት ለአገሩ ሴት አዲስ ነገር አይደለም። አንዲት አዋላጅ ነርስ ለብዙ ወላዶች በምትሮጥበት ክፍል፣ ዘመድ ሁሉ ከበር ላይ «ውጪ ጠብቁ» እየተባለ የሚመለስ ከሆነ፣ ያንን ወገብ የሚያሸው ማን እንደሆነ መመሪያውን ግድግዳ ላይ የለጠፈው ክፍል ይንገረን።